ዓይን ቆጣሪው ተከራዬ

መርዶውን ከመስማቴ በፊት አየሁት።

ባለፈው ጥር አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሽባባው ባጃጁን በራፌ ላይ አቁሞ ገባ። ከግቢው መሃል ሲደርስ ቆመ። መጀመሪያ ዓይኑ ጓሮ ወዳለችው ሰርቪስ ቤት ሄደ፤ ከዚያ መሬት ላይ ወደቀ፤ ከዚያ እኔ ላይ አረፈና ተመልሶ ወደ ሰርቪሷ ሄደ። አፉ ገና አልተከፈተም።

"አስናቀ ሞተ፣ አይደል?" አልኩት።

ሽባባው ክው አለ። "ማን ቀደመኝ እትዬ? እኔ አሁን መናኸሪያ ላይ ከጉንደ ወይን ከመጣ ሰው ሰምቼ፣ ሌላ ሰው ሳያስደነግጥዎት ልንገርዎት ብዬ ስከንፍ መምጣቴ ነው።"

"ማንም አልቀደመህም። ዓይንህ ነገረኝ።"

"ይህች አመል ከሱ ተጋባችብዎት እንጂ!" አለና እደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ልቡ ነው አሉ፤ ክፍል ውስጥ እያስተማረ ሳለ ነው የወደቀው። ሽባባው ለአስናቀ ያለቅሳል ብሎ የሚገምት ሰው ድሮ አልነበረም፤ ከሁላችንም ፊት ያጋለጠው አስናቀ ነበርና። እሱን ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

አስናቀ የቋንቋ መምህር ነበር። የጉንደ ወይን ቄስ ልጅ፣ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል። ደብረ ማርቆስ ሊያስተምር ሲመጣ ሰርቪስ ቤቴን ተከራይቶ አራት ዓመት ኖረባት፤ ኋላ ነው ወደ አገሩ የተዛወረው። የመጣ ቀን ከመናኸሪያ በእግሩ ነው የመጣው፤ በአንድ እጁ ሻንጣ ይዟል፣ በጀርባው በጋቢ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር አዝሏል። ላግዘው ብዬ ብጠጋ ጮኸብኝ።

"ይጠንቀቁ እትዬ! መስተዋት ነው!"

"የሰርቪሷ መስኮት እኮ ደህና ነው።"

"ለመስኮት አይደለም። ለሥራዬ ነው።"

"ሥራህ ምንድን ነው?"

"ሰው ሊናገር ሲል ዓይኑ የት የት እንደሚሄድ እቆጥራለሁ።"

"መንግሥት ነው ቁጠር ያለህ?"

"ኧረ እኔው ራሴ ነኝ።"

"እሱስ ደግ" ብዬ አስገባሁት። መንግሥት ዓይን መቁጠር ከጀመረ ቀጥሎ ምን እንደሚቆጥር አይታወቅም።

ነገሩ የገባኝ በጨው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ከእኔ ጋር ይበላ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሽሮው ጨው አንሶታል። አስናቀ አንዴ ጎረሰና ዓይኑ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ተነስቼ ጨዉን አቀበልኩት።

"እትዬ፣ እስኪ ይችን..." ብሎ ጀምሮ ነበር። እጁ ላይ ያለውን ጨው አይቶ ቆመ። "እንዴት አወቁ?"

"ጨው ጨዉን እያየህ በርበሬ ልትለኝ ነው?"

ምሳውን ትቶ ደብተሩን አወጣ። "ይሄው! ይሄ ነው ሥራዬ! እኔ ስንት ዓመት የደከምኩበትን እርስዎ በሽሮ አገኙት!"

እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ሰው አንድ ነገር ሊል ሲል ዓይኑ ቀድሞ ያንን ነገር ይፈልገዋል። "ጨው" ለማለት አንድ ትንፋሽ ሲቀረው ዓይኑ ጨዉ ላይ ነው። አፉ "ጨው" እያለ ሳለ ደግሞ ዓይኑ ጨዉን ትቶ ወደሚቀጥለው ነገር ሄዷል። "አፍዎ ጫማውን ሲያጠልቅ ዓይንዎ ደርሶ ተመልሷል" ይለኝ ነበር። የእኛ ቋንቋ ደግሞ የባሰ ነው አለ። ማን እንደሆነ እንናገራለን፣ ማንን እንደሆነ እንናገራለን፣ ምን እንዳደረገው የምንናገረው ግን መጨረሻ ላይ ነው። "ገበያ የሚሄድ ሰው ጤፉንም ገብሱንም አህያዋ ላይ ጭኖ ሲያበቃ ነው 'ሂጂ' የሚላት። አፍ ነጂ ነው፤ ጫኙ ዓይን ነው እትዬ።"

ከዚያ ወዲያ አልማርኩትም። ውሃ ሊል ሲል ውሃ፣ እንጀራ ሊል ሲል እንጀራ አስቀድሜ እሰጠዋለሁ። አንድ ቀን ተናደደ።

"ያስጨርሱኝ እንጂ እትዬ! ዓረፍተ ነገሬ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ!"

"ውሃ ጠጣበት" አልኩት። ውሃውንም ሳይጠይቀኝ ነው የሰጠሁት።

እሱ ራሱ ግን ከሁላችን ይብስ ነበር። ከሰው ጋር ሲያወራ ፊት አያይም፤ ዓይን ያያል። ግራ ቢሄድ ግራ፣ ላይ ቢሄድ ላይ አብሮ ይሄዳል። ወንዶቹ ናቀን ብለው ይቆጣሉ፤ ሴቶቹ ሌላ ነገር ያስባሉ። አንዷ ጎረቤቴማ ለሁለት ሳምንት ጠጉሯን እየተሠራች ስትመላለስ ከርማ፣ ደብተሩ ላይ "ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ" ብሎ እንደጻፈላት ስታውቅ ሰላምታ ነሳችው። ምን እንዳጠፋ እስከ መጨረሻው አልገባውም።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መስተዋቱን ጠረጴዛ ላይ ያቆምና ሥዕል ይለጥፍበታል፤ ከመስተዋቱ ወዲያ የሰዉን ዓይን አሾልኮ የሚያይ ካሜራ ያቆማል። ሰዉ ከወዲህ ተቀምጦ ሥዕሉ ላይ የሚሆነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ አስናቀ ቪዲዮውን በኮምፒዩተር እያዘገመ ዓይኑ መጀመሪያ የት፣ ቀጥሎ የት እንደሄደ ይጽፋል። አንዷ ሴት በመስኮት ብታጮልቅ ኮምፒዩተሩን የሞላ አንድ ዓይን አየችና ቡዳ ነው ብላ ሰፈሩን አመሰችው። አስናቀ ጠርቶ የገዛ ዓይኗን አሳያት። "ውይ፣ ዓይኔ እንዲህ ያምራል እንዴ?" አለች፤ በሚቀጥለው እሑድ አምስት ሴቶች ይዛ መጣች።

ሥዕሎቹን የሳላቸው ራሱ ነው፤ እግዜር አያሳያችሁ። በቅሎ ቄስ ስትረግጥ የሚያሳይ አንድ ሥዕል ነበረው። ሽባባው ሥዕሉ ፊት ሲቀመጥ እዚያው ነበርኩ። ያን ጊዜ ባጃጅ የለውም፤ የፈረስ ጋሪ ነው የሚነዳው።

"ይሄ ጅብ ቄሱን ምን እያደረጋቸው ነው?" አለ።

"ጅብ አይደለም። በቅሎ ናት።"

"ጆሮዋስ?"

"ጆሮዋን አትይ!"

"ዓይንህ ደስ ያለው ይሂድ አላልከኝም?"

አስናቀ ያን እሑድ በቅሎዋን አራት ጊዜ ደግሞ ሳላት። ጅብነቷ አልለቀቃትም።

የቅኔ መምህሩ መሪጌታም መጡ። ሥዕሉን አንድ ጊዜ ገረፍ አደረጉትና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"መሪጌታ፣ ዓይንዎን ይክፈቱልኝ እንጂ።"

"አየሁት እኮ ልጄ። እኛ ቤት ቅኔ የሚቆጠረው ተጨፍኖ ነው። ዓይንማ ያታልላል።"

አስናቀ እሑዱ የባከነ መስሎት ተከፋ። በማግስቱ ቪዲዮውን ሲያይ ግን ጮኾ ጠራኝ። የመሪጌታ ዓይን ተጨፍኖም አልተቀመጠም፤ ከዓይናቸው ቆብ ሥር ኳሱ ከበቅሎዋ ወደ ቄሱ፣ ከቄሱ ወደ በቅሎዋ ይመላለሳል። "ነገሩ በሌለበትም ዓይን ነገሩ ወደነበረበት ይሄዳል!" እያለ ግቢውን ዞረው። ሮጦ ሄዶ የመሪጌታን ጉልበት ስሟል አሉ። እሳቸውም "ምን ሆኖብኝ ነው ይሄ ልጅ?" ብለው ጸበል ረጩት።

እኔንም አስቀመጠኝ። ውሻ ሰው ሲነክስ የሚያሳይ ሥዕል ነው።

"ይሄ ውሻ ባለቤቱ ማን ነው?" አልኩ።

"ባለቤት የለውም እትዬ። የሚሆነውን ብቻ ይንገሩኝ።"

"ባለቤት ከሌለው አጥሩ የማን ነው? አጥሩ ክፍት እኮ ነው።"

"አጥሩ እንዲሁ ለማሳመር ነው የተሳለው!"

"ለማሳመር ከሆነ ይዘጋ። ሰው ተነከሰ!"

ቪዲዮውን አይቶ ራሱን ያዘ። ሰው ሁሉ ውሻውን ያያል፣ ከዚያ ተነካሹን ያያል። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ ያየሁት አጥሩን ነው። "ሰው ዓረፍተ ነገር ሊሠራ ዓይኑን ይልካል" አለ፤ "እርስዎ ፍርድ ሊሰጡ ይልካሉ።" እኔ ግን እንደ ምስጋና ነው የወሰድኩት። እውነቱንም ነበር፤ ዳኛ ነበርኩ።

አዎ፣ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩት ሴትዮ የቀበሌያችን ማህበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበርኩ። ሦስት ነን፤ ሰብሳቢው አቶ ልየው፣ እኔ፣ አንድ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያንቀላፋ ሰው። በዘመድ አልፈርድም፣ በሀብታም አልፈርድም። ሚዛኔ አንዲት ነበረች፤ "ዓይኔን እያየህ ተናገር!" እላለሁ። ዓይኑን ካልነቀለ እውነተኛ ነው፤ ዓይኑ ከባዘነ ውሸታም ነው። ልጆቼን "ታላቅ ሰው ላይ አታፍጥጡ" እያልኩ አሳድጌ፣ ፍርድ ቤት ስገባ ሰዉን ሁሉ አፍጥጡብኝ እል ነበር። ሁለቱ አብረው እንደማይሄዱ አልታየኝም።

አሁን የጥሩዬን ነገር ልንገራችሁ።

ጥሩዬ ከቤታችን በታች ያለውን ቦኖ የምትጠብቅ ሴት ናት። የውሃው ቁልፍ እሷ እጅ ነው። ጠዋት ትከፍታለች፣ ወረፋ ታስከብራለች፣ ስትጨርስ ትዘጋለች። ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች ቁልፍ ነው። አንድ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የቦኖው ብረት ከሥሩ ተሰብሮ ውሃው መንገዱን ሲያጥለቀልቅ ዋለ። ጥሩዬ "የሽባባው ጋሪ ነው የሰበረው" አለች። ሽባባው "እኔ ስደርስ ተሰብሮ ነው ያገኘሁት፤ እሷም ቦታዋ ላይ አልነበረችም" አለ። ምስክር የለም። በዚያ ሰዓት ሰዉ እንደ ልማዱ ጀሪካኑን ለወረፋ ደርድሮ ወደየቤቱ ገብቷል፤ የነበሩት ጀሪካኖቹ ብቻ ናቸው። ቦታዋን ጥላ ሄዳ ከሆነ ቁልፉን ትነጠቃለች። ጉዳዩ እኛ ዘንድ ቀረበ።

ሽባባው ፊቴ ቆመና ዓይኔን ሳይነቅል ዳዊት እንደሚደግም ሰው አንበለበለው። ቀጥሎ ጥሩዬ ተነሳች።

"ጋሪው ከላይ መጣ እትዬ... ከዚያ ፈረሱ..." ዓይኗ ወደ ግራ ሄደ።

"ዓይኔን እያየሽ ተናገሪ!"

"እሺ እትዬ። ፈረሱ... እ..." አሁንም ወደ ግራ።

"ዓይኔን!"

"ፈረሱ... ምን ነበር... ፈረሱ..."

"ወዴት ነው የምታዪው? ግድግዳው ነው የሚመሰክርልሽ? እኔን እዪኝ አልኩ!"

ተመልካቹ ሳቀ። ጥሩዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። "እንግዲህ እንደ ፈረዳችሁ" ብላ ተቀመጠች። ፍርዱን ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠርነው እንጂ እኔስ በልቤ ፈርጄ ነው የወጣሁት።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ለአስናቀ በኩራት አወራሁት። መጉረሱን አቆመ።

"ስንት ጊዜ ነው 'ዓይኔን እዪ' ያሏት?"

"ሦስት ጊዜ።"

"ሦስት ጊዜ አፏን ዘጉባት ማለት ነው።"

"እኔ? እኔ ተናገሪ እያልኳት?"

"እስኪ ዓይኔን እያዩ ከዚህ እስከ ገበያ ያለውን መንገድ ይንገሩኝ።"

"ይሄማ ምን አለው? ከበር ትወጣለህ፤ ከዚያ በ..."

"ዓይኔን እትዬ።"

"በ... ያ የ... የምንድን ነው... የሚፈጭበት..."

"ዓይኔን!"

"አፍህን ዝጋ!" አልኩት። አርባ ዓመት ያለፍኩበት ወፍጮ ቤት ስሙ ጠፋኝ! አስናቀ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

"ታዲያ የዋሸው ማን ነው? ዓይን ቆጣሪ አይደለህ? ንገረኛ" አልኩት።

"እኔ ውሸት የምለካበት የለኝም። ማንም የለውም። ዓይን የሚያውቀው ሊነገር ያለውን ነገር መፈለግ ብቻ ነው፤ እውነትና ውሸት አይለይም። ልጅቷን ቦታው ላይ ያቁሟት፣ ዓይኗን ይልቀቁላት፣ ያስጨርሷት። ከዚያ በኋላ ዳኛዋ እርስዎ ነዎት።"

ሰኞ ጠዋት አቶ ልየው ዘንድ ሄድኩ።

"ወይዘሮ የሻረግ፣ ፍርድ ቤት እኮ በእግሩ አይሄድም" አሉኝ።

"በእግሩ ካልሄደ በጋሪ እንጭነዋለን። ጋሪው ሽባባው ዘንድ አለ።"

ሄድን። ሦስቱ ዳኞች፣ ሁለቱ ባለጉዳዮች፣ አስናቀ፣ ቀጥሎም ያልተጠራ ግማሽ ሰፈር። መጀመሪያ ሽባባው ተናገረ። ቦኖው አጠገቡ ቆሞ ሳለ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ቦኖው ሳያይ፣ ዓይኔ ላይ ተተክሎ የባለፈውን ቃል በቃል ደገመው።

"ያዝኩህ!" ልለው አፌን ስከፍት አስናቀ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

"ይሄም ውሸታም አያሰኘውም እትዬ። ነገሩን ብዙ ጊዜ ያወራ ሰው ዓይኑን መላክ አያስፈልገውም። ከልቡ ነው የሚያነበው።"

"አንተ ከማን ጋር ነህ?"

"ከማንም።"

ጥሩዬ ተነሳች። እኔ አፌን በመዳፌ ያዝኩት፤ በሕይወቴ እንዲህ የከበደኝ ሥራ የለም። መጀመሪያ ዓይኗ መሬቱ ላይ በተራ በተራ ሄደ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ የሌሉትን ጀሪካኖች እንደምትቆጥር። ከዚያ ነው "ጀሪካኖቹ እዚህ ተደርድረው ነበር" ያለችው። ዓይኗ ወደ ዳገቱ ወጣ፤ ከዚያ "ጋሪው ከላይ እየከነፈ መጣ" አለች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ግራ፣ ወደ አንድ የድንጋይ ካብ ጥግ ሄደና ወደ ብረቱ ተመለሰ።

"ፈረሱ ደነበረና ብረቱን ገጨው" አለች።

አስናቀ እጁን አወጣ። "አንድ ነገር ልጠይቅ? ጥሩዬ፣ 'ፈረሱ' ከማለትሽ በፊት ያንን ካብ አየሽው። ፍርድ ቤትም 'ፈረሱ' ባልሽ ቁጥር ወደ ግራ ታዪ ነበር አሉ። እዚያ ምን አለ?"

"እዚያማ!" አለች ጥሩዬ፤ ፊቷ ተፈታ። "ፈረሱ ሲደነብር ጋሪው መጀመሪያ የታከከው እዚያ ነዋ! ካቡን ፍቆት ነው ተመልሶ ብረቱ ላይ የወጣው። ይሄንኑ ልናገር ስል ነው እኮ እትዬ ከአፌ የሚያስጥሉኝ!"

ወደ ካቡ ሄድን። ጉልበት በሚያህል ከፍታ ላይ ድንጋዩ ተፍቋል፤ ፍቃቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ተጋግሯል። ያኔ የግማሽ ሰፈር ዓይን አንድ ላይ ዞሮ ከመንገዱ ዳር ወደቆመው የሽባባው ጋሪ ሄደ። ጋሪው ሰማያዊ ነው። የጎማው ማቀፊያ ብረት በአንድ ወገን ተልጧል። ያንን ለመቁጠር መምህር አላስፈለገም።

የሽባባው ዓይን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓይኔ ተነቅሎ ፈረሱ ላይ አረፈ።

"ፈረሱ ነው ልትል ነው፣ አይደል?" አልኩት።

"ፈረሱ ነው!" አለ ሽባባው።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አስናቀ ብቻ ተቆጣ። "ያስጨርሱት እንጂ እትዬ!"

አስጨረስነው። ጋሪውን እንዳያግዱበት ፈርቶ ነው የዋሸው፤ እሱም ልጆች አሉት። አቶ ልየው ብረቱን በራሱ እጅ እንዲያቆም ፈረዱበት፤ ጋሪው አልታገደም። አስናቀ ብረቱን ሲያቆም አንድ ቀን ሙሉ አብሮት ሲሚንቶ ሲያቦካ ዋለ። ፍቅራቸው ከዚያ ነው።

ቁልፉ ጥሩዬ እጅ ቀረ። እኔ ግን ፍርዱ ሲጻፍ አላስቻለኝም።

"እኔም ሦስት ጊዜ አፏን እንደዘጋሁባት ይጻፍ" አልኩ።

አቶ ልየው ብዕራቸውን አነሱ። "የዳኛ ጥፋት የሚሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።"

"ኅዳግ የለውም?"

"ኅዳግማ አለው።"

"ኅዳጉ ላይ ይጻፉት።"

"ወይዘሮ የሻረግ፣ የበላይ አካል ቢያየው እኮ ያስቃል።"

"ይሣቅ! ሲፈርዱብኝ ብቻ ነው እንዴ ቦታ የሚጠፋው?"

ጻፉት። እኔ ፈረምኩ። የሚያንቀላፋው ዳኛ ነቅቶ ሳያነብ ፈረመ። ልቤ ቅልል ብሎኝ ቤቴ ገባሁና ለአስናቀ ነገርኩት።

"ጥሩዬ ማንበብ ትችላለች?" አለኝ።

"አትችልም።"

ዓይኑ ብቻ በሩ ሥር ወዳለው ጀሪካኔ ሄደ። ክፉ ሰው!

ጀሪካኑን አንስቼ ወጣሁ። ትንሽ ቆይቶ እሱም የራሱን ይዞ ተከተለኝ፤ ቤቱ ውሃ እንዳለው እኔ አውቃለሁ። ቦኖው ጋ ሰው ሞልቷል። ጥሩዬ ከሩቅ አየችኝ።

"ይምጡ እትዬ፣ ከፊት ይሁኑ!"

"ለምን? እግሬ አልተሰበረ። ወረፋዬን እይዛለሁ" ብዬ ከኋላ ቆምኩ። ሃያ ጀሪካን እስኪሞላ ቆምኩ። ተራዬ ሲደርስ ጀሪካኔን ከቧንቧው ሥር አደረግኩት፤ ከፈተችልኝ።

"ምነው ዛሬ ራስዎ? የልጅ ልጆችዎ የት ሄዱ?"

"ልነግርሽ የመጣሁት ነገር አለ።"

እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "እንግዲያው ዓይኔን እያዩ ይናገሩ!"

ሴቶቹ በሳቅ ተንፈራፈሩ። እልህ ያዘኝ። በሰው ላይ የፈረድኩትን በራሴ ላይ እችለዋለሁ ብዬ ዓይኗ ላይ ተተከልኩ።

"ጥሩዬ... ያን ቀን... እኔ..."

"እሺ?"

"እኔ ያን ቀን... ማለቴ..." 

ጀሪካኔ ሞልቶ ይፈስ ጀመር። ቃሉን ቤቴ ይዤው ነበር፤ መንገድም ላይ ይዤው ነበር። አሁን የለም። የት እንደምፈልገው ጠፋኝ። በመጨረሻ ዓይኔን ለቀቅኩት። ሄዶ እጇ ላይ አረፈ። ውሃ ሲበላው የኖረ፣ የተሰነጣጠቀ እጅ ነው፤ ቁልፉ በክር አንጓዋ ላይ ታስሯል።

"ይቺን ቁልፍ ሊያስነጥቅሽ የነበረው የሽባባው ውሸት አይደለም፤ የኔ አፍ ነው" አልኩ። "ይቅር በይኝ ልጄ።"

ሳቁ ቆመ። ጥሩዬ ጎንበስ ብላ ቧንቧውን ዘጋች።

"ውሃው ፈሰሰ እኮ እትዬ" አለች፤ ድምጿ ተለወጠ። "ይቅር ለእግዚአብሔር።" ጀሪካኔን ክዳኑን ገጥማ ራሷ አነሳችልኝ።

ዞር አልኩ። አስናቀ ይሄንን ሁሉ ደብተሩ ላይ እየጻፈ እንደሚሆን ጠርጥሬያለሁ፤ የጥሩዬን ዓይን፣ የኔን ዓይን፣ ግራ ቀኙን ሁሉ። ለእሱ ከዚህ የበለጠ እሑድ አይገኝለትም። ደብተር አልያዘም። ጀርባውን ሰጥቶን የቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሰሌዳው ላይ ያለው የአምና የከብት ክትባት ማስታወቂያ ነው፤ ክረምቱ አጥቦት አንድ ፊደል አይለይም።

"ምን ታያለህ?" አልኩት።

"እያነበብኩ ነው" አለ። ዞርም አላለም።